የስርጉት ፊርማ

ስርጉት ጅቡቲ የገባችው በ1998 መጨረሻ፣ ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ምክንያት የኢትዮጵያ ዕቃ በሙሉ ወደዚህ ወደብ በዞረበት ሰሞን ነው። እኔ ወዳጇ የምቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እዚህ ከተማ ብዙ የኖረ ሰው በሌላ መቁጠር ያቅተዋል። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፣ ፈረንሳይኛ ከትምህርት ቤት፣ ሶማሊኛ ከሰፈር የለቀመች ልጅ ነበረች። አንድ የትራንዚት ቢሮ በጸሐፊነት ቀጠራት፤ ጋቦዴ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየች። ቢሮው ውስጥ ማንም የማይነካው ኮምፒውተር ነበር። እሷ ነካችው። ሲበላሽ ትፈታዋለች፣ ሲገጠም ትማራለች፤ እንዲህ እያለች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፕሮግራም መጻፍ የምትችል ሰው ሆነች።

ስሟን ያስጠራው ሥራ የተወለደው ግን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሾፌሮቹ ፒኬ ዱዝ በሚሉት የከባድ መኪና ማቆሚያ ነው። ከአዲስ አበባ የሚወርድ መኪና ሁሉ ወደብ እስኪጠራ እዚያ ይቆማል። ጥላ የለም። ሾፌሩ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ይተኛል፤ ተራው ዛሬ ይድረስ፣ የዛሬ ሳምንት ይድረስ አያውቅም። አንድ ቀን የጉምሩክ ወረቀት ልታደርስ ሄዳ ከጋሽ ጀንበሬ አጠገብ ቆማ ሳለች ስልካቸው ጮኸ። ጋሽ ጀንበሬ በዚህ መንገድ ላይ የሸበቱ የተሳቢ ሾፌር ናቸው።

«ጋሼ፣ ስልክዎ እኮ ነው የሚጮኸው፤ አያነሱትም?» አለቻቸው።

«አይነሳም» አሉ እየሳቁ። «ወደብ በር ላይ ሰው አለን። የኛ ዕቃ መጫን ሲጀምር አንዴ ሚስኮል ያደርጋል፤ ሞተር አስነሳ ማለት ነው። ደጋግሞ ካስጮኸ፣ ተኛ፣ ዛሬ የለም ማለት ነው። ይሄው ደጋገመው፤ ልተኛ።»

ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣም። ማታ ክፍሏ ገብታ ስታስበው፣ ወደብ በር ላይ በፀሐይ የሚቆመውን ሰው ሥራ ኮምፒውተር ሊሠራው እንደሚችል ታያት። በ2009 ፕሮግራሙን ጨረሰችው። የትራንዚት ቢሮው የዕቃውንና የመኪናውን ቁጥር ያስገባል፤ ዕቃው ሲደርስና መንገዱ ሲከፈት ለሾፌሩ ስልክ በራሱ ጊዜ አጭር መልእክት ይሄዳል። ስሙን «ተራ» አለችው። ከሌላ ስም ይልቅ ሾፌሮቹ አፍ ላይ ያለው ይሻላል ብላ ነው።

መጀመሪያ የራሷ ቢሮ ተጠቀመበት፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱ ጎረቤት። ሾፌሮች ከፒኬ ዱዝ ወጥተው ከተማ ገብተው ገላቸውን መታጠብ፣ ጥላ ሥር መተኛት ጀመሩ። ስርጉት ሥራዋን ለቃ የራሷን ትንሽ ቢሮ ከፈተች። ሻይ ቤት ስትገባ ሾፌሮች ብድግ ይሉላት ነበር። ይህን ስትናገር ዛሬም ትቅለሰለሳለች።

በሁለተኛው ዓመት ተፎካካሪ መጣባት። ሱፊያን ይባላል፤ ካርቲዬ ዱ በሚባለው ሰፈር ስልክ የሚጠግን የጅቡቲ ልጅ ነው። እናቱ የድሬዳዋ ሴት ስለሆኑ አማርኛው ከማናችንም አያንስም። እሱም ለከብት ነጋዴዎች የመርከብ ተራ የሚያስታውቅ ፕሮግራም ሠርቶ ኖሮ ወደ ከባድ መኪናው አዞረው። ስርጉት ስትሰማ ጨሰች። ፀሐይ ሳይበርድ ሱቁ ድረስ ሄደች።

«ሥራዬን ሰረቅከኝ!» አለችው ከበሩ ሳትገባ።

ሱፊያን የፈታውን ስልክ ከእጁ ሳያስቀምጥ ቀና አለ። «ምኑን ነው የሰረቅኩሽ? ተራ መጠበቁን?»

«ሐሳቡን።»

«ሐሳቡ የጋሽ ጀንበሬ አይደለም እንዴ? አንቺ ራስሽ ለሰው ሁሉ ስታወሪው አልነበር? ወላሂ፣ የጻፍሽውን አንድ መስመር አላየሁም። እንቺ፣ የኔን እዪው።»

አየችው። እውነቱን ነበር፤ አሠራሩ ከእሷ በምንም አይገናኝም። ከዚያም አንድ ነገር አሰማት። ስልኩን ከፈተና በኦሮምኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ የምትናገር የሴት ድምፅ ለቀቀ፤ «ወንድሜ፣ ተራህ ደርሷል፣ ቀስ ብለህ ና» ትላለች። ድምፁ የእህቱ የሙንተሃ ነው። ማንበብ የማይችል ሾፌር ስልኩን አንስቶ ያዳምጣል።

ስርጉት ቀንታ ተመለሰች። የቅናት ቀናት ግን ጥሩ ቀናት ነበሩ። እሷም በራሷ ድምፅ ሞከረች፤ ሾፌሮቹ «አንቺማ ትቆጫለሽ» ብለው ሳቁባት፤ ተወችው። በምትኩ የነዳጅ ቦቴዎችን ተራ ከደረቅ ጭነት የሚለይ ነገር ጨመረች፤ ሱፊያን በወሩ እሱም ለየ። እሱ መንገድ ላይ አደጋ ሲኖር ማስታወቅ ጀመረ፤ እሷ የድንበሩን የጉምሩክ ሰልፍ ጨመረችበት። ዋጋቸውም በየጊዜው እየወረደ፣ ባለ አንድ ጠረጴዛ የሆነ ትራንዚት ቢሮ እንኳ ከሁለት አንዳቸውን ይዞ ነበር። አንዳንዴ ጫት የሚገባበት ሰዓት ላይ፣ ከተማው ሁሉ ሲቆም፣ ሱቁ ተቀምጠው እየተሟገቱ ይውላሉ። ማን ከማን እንደወሰደ መቁጠር ትተው ነበር።

በ2012 ሄሮን በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ካለው ትልቁ ደንበኛዋ ዘንድ ተጠራች። ዋና ቢሮው አውሮፓ የሆነ የጭነት ድርጅት ነው። ሥራ አስኪያጁ አጠገብ የማታውቀው ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ስሙን የማላነሳው የአንድ የውጭ ሶፍትዌር ኩባንያ ጠበቃ። በጨዋ ፈረንሳይኛ አነጋገራት፤ ውሃ እንኳ ቀድቶ ሰጣት። ከዚያ ወፍራም ሰነድ ፊቷ አኖረ።

«ይህ ብረቬ ይባላል፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ማለት ነው» አላት። «እባክዎ የመጀመሪያውን አንቀጽ ያንብቡት።»

አነበበችው። በመጠባበቂያ ስፍራ ለቆመ ተሽከርካሪ ተራው ሲደርስ በተንቀሳቃሽ ስልክ የማስታወቅ ዘዴ፣ ይላል። ሌላው ገጽ ሁሉ ይህንኑ በረጃጅሙ የሚደግም ነው። ስርጉት ስታነብ የጋሽ ጀንበሬ ስልክ ሲጮህ ትዝ አላት።

«ይህን እኮ ሾፌሮቹ ከኔም በፊት ያደርጉት ነበር» አለች።

«ሊሆን ይችላል» አላት ጠበቃው። «ሾፌሮቹ ግን አላስመዘገቡትም።»

ሥራ አስኪያጁ አይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። ድርጅቱ በሌሎች አገሮች ክስ እንዳይከፈትበት ስለፈራ ከነገ ጀምሮ «ተራ»ን እንደሚያቋርጥ ነገራት። ጠበቃው ቀጠለ። ኩባንያው ክፉ አይደለም፤ ፕሮግራሟን ከዘጋችና መሰሉን ላለመሥራት ከፈረመች አይከሳትም፤ እንዲያውም የኩባንያውን ፕሮግራም ለጅቡቲ ገበያ የምትሸጥ ወኪል አድርጎ ይቀጥራታል። ካልሆነ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። «እርስዎ ደግሞ የውጭ ዜጋ ነዎት» አለ፤ ዝም ብሎ፣ የአየሩን ሙቀት እንደሚናገር ሰው። «የመኖሪያ ፈቃድዎ በየዓመቱ ይታደሳል፣ አይደል?»

ስርጉት የፈራችው ይህን ነው። ወረቀቱ የየትኛው አገር ወረቀት እንደሆነ መጠየቅ በጭራሽ አልመጣላትም።

ሱፊያን በዚያኑ ዕለት ሰምቶ ደወለላት። «በኔም መጥተውብኛል። አይዞሽ፣ ነገ አብረን ሄደን ሕግ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» አላት። እሺ አለችው። በማግስቱ ሲደውል አላነሳችም። ደግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። ሄሮን ነበረች፤ እየፈረመች ነበር።

ወረቀቶቹ ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው የራሷን ሥራ የሚዘጋ ነው። ሁለተኛውን ጠበቃው ዘግየት ብሎ አወጣው፤ የሱፊያን ፕሮግራም ከእሷ ፕሮግራም ተቀድቶ የተሠራ ነው የሚል ምስክርነት ነው።

«ይህ እንኳ...» አለች።

«ከእርስዎ አይቶ አይደለም የከባድ መኪናውን ሥራ የጀመረው?»

«አይቶ ነው።»

«እንግዲያው እውነቱን ነው የሚፈርሙት።»

አይቶ ነው ብላ ለራሷ ደገመችው። ፈረመች። ብዕሩን ከድና ለጠበቃው መለሰችለት፤ እንዲህ በእርጋታ መፈረሟ ኋላ ላይ በጣም እንዳሳፈራት ነግራኛለች። ሱፊያን ከጻፈችው አንድ መስመር እንኳ እንዳላየ ከራሱ በቀር የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ኩባንያው ምስክርነቱን አባዝቶ ለትራንዚት ቢሮዎች ሁሉ በተነው። «የራሱ ሰዎች መሰከሩበት» ተባለ። የሱፊያን ደንበኞች አንድ በአንድ ለቀቁት፤ ወዲያው ሱቁም ተዘጋ። ስርጉት ሄሮን ባሕሩን የሚያይ፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ቢሮ ተሰጣት።

የኩባንያው ፕሮግራም የመጣው እንዲህ ነው። ተፎካካሪ ስላልነበረው ዋጋው እንዳሻው ነበር፤ ትልልቆቹ ያዙት፣ ትንንሾቹ ቢሮዎች መክፈል አቃታቸው። ደንበኛው ወደ ትልልቆቹ ስለሸሸ ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ያሳደጋት ቢሮ አንዱ ነው። የአማርኛ ፊደል ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ድምፅ የለውም። ስርጉት ለኩባንያው ደጋግማ ጻፈች፤ «በዕቅዳችን ውስጥ ነው» የሚል መልስ ይመጣላታል። ዓመት አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፣ ዕቅዱ ዕቅድ ሆኖ ቀረ። ማን ያጣድፋቸዋል? እሷና ሱፊያን እኮ በየወሩ አንድ ነገር ይጨምሩ የነበረው አንዱ ሌላውን ስለሚፈራው ነው።

አንድ ጊዜ ፒኬ ዱዝ አዲሱን ፕሮግራም ልታስረዳ ሄደች። ሾፌሮቹ ዙሪያዋን ቆመው ሰሟት። ጋሽ ጀንበሬ መጨረሻ ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተራ ሲደርስ በስልክ ማስታወቅ የነሱ ነው አልሽ። ሚስኮሉስ? እሱም የነሱ ሆነ?»

የሳቀ አልነበረም። ጋሽ ጀንበሬም ሊቀልዱባት አልነበረም የጠየቁት፤ በእውነት ማወቅ ፈልገው ነው። ስርጉት «አይ፣ እሱን እንኳ ማንም አይከለክላችሁም» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። ከዚያ ወዲያ ወደ ፒኬ ዱዝ ሌላ ሰው ትልክ ጀመር።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ያ የሚያቃጥለው ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት፣ ቡልቻ የሚባል የሰበታ ሾፌር ሙቀት መትቶት ሆስፒታል ገባ። ቡልቻ ማንበብ አይችልም። መልእክት ሲመጣለት ለሚያነብለት ሰው ስልኩን ይዞ በመኪናዎቹ መሀል ይዞራል። በዚያ ቀን ያገኘው ሰው አሳስቶ አነበበለትና ያለ ተራው ወደብ በር ሄደ፤ መለሱት፤ ሲመለስ ቦታው ተይዟል፤ ፀሐይ ላይ ውሎ ወደቀ። ስርጉት የኩባንያው ወኪል ስለሆነች ልትጠይቀው ሄደች፤ ብርቱካን ይዛ። ተሽሎት ተቀምጦ ነበር።

«እህቴ፣ አንቺ የስልኩ ሰው ነሽ አይደል?» አላት።

«አዎ።»

«ያቺ በኦሮምኛ የምትናገረው ልጅ፣ ‹ወንድሜ› የምትለው፣ ሞተች እንዴ?»

ስርጉት የያዘችውን ብርቱካን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረች።

«እኛ እንደሞተች ነው የምናወራው» አለ ቡልቻ። «ደግ ልጅ ነበረች። ነፍስ ይማር ብለናል።»

«አልሞተችም» አለች በመጨረሻ። «ደህና ናት።»

«ታዲያ ምን አስኮረፋት?»

ብርቱካኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ አላለቀሰችም፤ የሚያያት ሰው እንዳይኖር ብላ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖም ሥራዋን አልለቀቀችም። ፈቃዷን፣ ቤቷን፣ ድሬዳዋ የምትረዳቸውን ሰዎች እያሰበች ሁለት ዓመት ያህል ቆየች። ጠይም የነበረው ፊቷ አመድ መስሎ ያየሁትም ያኔ ነው።

በ2016 ኩባንያው ለነጋዴዎች በተዘጋጀ አንድ ስብሰባ ላይ እንድትገኝ ላካት። ጀዋሪያ የምትባል የሕግ መምህርት ስለ ፈጠራ መብት ትናገር ነበር፤ የከተማው ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ፈጣን። ከንግግሯ መሀል እንዲህ አለች፦ «ብረቬ ከሰጠው አገር ድንበር አይወጣም። ፈረንሳይ የተሰጠ ለፈረንሳይ ነው፣ አሜሪካ የተሰጠ ለአሜሪካ። እዚህ ካልተመዘገበ እዚህ ወረቀት ብቻ ነው።»

ስርጉት የሰማችውን እጇ ላይ በነበረው ወረቀት ጻፈችው። ሰው ሲበተን ቀርባ የኩባንያዋን መብት ቁጥር ነገረቻት። ጀዋሪያ በማግስቱ ቢሮዋ ጠራቻት።

«እዚህ አገር አልተመዘገበም» አለቻት። «ተመዝግቦም አያውቅም። በተሰጠበት አገር ደግሞ ባለፈው ዓመት ፍርድ ቤት ሰርዞታል፤ ሰው ድሮም የሚያደርገውን ነገር ስልክ ላይ ስለጫናችሁት አዲስ ፈጠራ አይሆንም ብሎ። ለምን ጠየቅሽኝ? ማን በዚህ አስፈራራሽ?»

«ማንም» አለች ስርጉት። «ራሴ ነኝ።»

ሱፊያንን ያገኘችው ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ፣ በአንድ መጋዘን የዕቃ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲሠራ ነው። ሻይ ይዞ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር። ሲያያት አልሸሸም፤ አልቀረበምም። የመጣችው ልትነግረው ነበርና ሳትቀመጥ፣ ሳትዘገይ፣ የሰማችውን ሁሉ ነገረችው፤ መብቱ እዚህ አገር እንዳልነበረ፣ ማንም ሊያዘጋው እንደማይችል።

ሱፊያን ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ።

«አውቃለሁ» አላት።

«መቼ አወቅክ?»

«ያኔ። ስልኬን ያላነሳሽ ቀን። ብቻዬን ሄጄ ጠየቅኩ፤ እዚህ አይሠራም አሉኝ። የደወልኩልሽ እሱን ልነግርሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዘጋህ?»

«እነሱ የዘጉኝ መሰለሽ? እነሱን አልፈራሁም። ደንበኞቼ ጋ ሄጄ ‹ብረቬው እዚህ አይሠራም› ብዬ አስረድቼ ነበር፤ ግማሹ አምኖኝ ነበር። ከዚያ ያንቺ ፊርማ መጣ። ሌባ ተባልኩ። ሌባ ስለ ሕግ ቢያስረዳ ማን ይሰማዋል? ሙንተሃን እንኳ መንገድ ላይ ‹የተሰረቀ ድምፅ› እያሉ ይቀልዱባት ነበር።»

«ይቅር በለኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ትንሽ ሆነባት። «ምን ላድርግ?» አለች።

«እኔ እንጃ። እኔን አትጠይቂኝ።» ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ መጋዘኑ ገባ።

በዚያ ሳምንት ከኩባንያው ለቀቀች። ምስክርነቷ የተበተነላቸው ቢሮዎች ዘንድ፣ ያልተዘጉት ዘንድ ማለቴ ነው፣ በእግሯ ዞረች። የፈረመችው ሐሰት እንደነበረ፣ ሱፊያን ምንም እንዳልቀዳ፣ እንዲያውም እሷ ከእሱ እንደወሰደች በየጠረጴዛው ፊት ቆማ ተናገረች። አንዳንዱ «የድሮ ነገር ነው፣ ተይው» አላት። አንዱ «ታዲያ ያኔስ ለምን አልተናገርሽም?» አላት። አብዛኛው ጉዳዩን ራሱ ረስቶታል። ፒኬ ዱዝም ሄዳ ለሾፌሮቹ ነገረች። ጋሽ ጀንበሬ አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው፣ «እኛ አንቺ ላይ ምንም አልነበረንም» አሏት። የባሰ ያሳፈራት ይህ ነው፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

የጻፈችውን ፕሮግራም ከነሙሉ ጽሑፉ ለፈለገ ሰው በነፃ እንዲሆን ኢንተርኔት ላይ አኖረችው። ጊዜው ግን አልፏል። በ2017 መጀመሪያ የባቡሩ መስመር ተመርቆ የሰው ሁሉ ወሬ ባቡር ሆኗል፤ ሾፌሮቹም በየስልካቸው ቡድን አበጅተው እርስ በርስ ይጠራራሉ። ሱፊያን ወደ ድሮ ሥራው ተመልሶ ለከብት ነጋዴዎች አዲስ ፕሮግራም መሥራት መጀመሩን ሰምቻለሁ። ከእሷ ሥራ ወስዶ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

አሁን ጋቦዴ ውስጥ ልጆችን ኮምፒውተር ታስተምራለች። በቅርቡ ሄሮን ባሕሩ ዳር አብረን ስንሄድ ሱፊያን ከሙንተሃ ጋር ከፊታችን መጣ። ቆመና ደህንነቷን ጠየቃት፤ የድሬዳዋ ሰዎቿንም በየስማቸው ጠየቀ። ሙንተሃ ግን እኔን ብቻ ሰላም አለችኝ። ስርጉት ያንን ‹ወንድሜ› ይል የነበረ የሙንተሃን ድምፅ ስትሰማ ጫማዋን ታይ ነበር፤ ርቀው እስኪሄዱም ቀና አላለች።